በእንግዶቹ የታወቀው ቤት

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዋንጫ ላነሳ ቡድን መሰላል ይቀርብለታል። ተጫዋቾቹ በየተራ እየወጡ የቀለበቱን መረብ በመቀስ ይቆርጣሉ፤ ቁራጩንም ለልጅ ልጅ መታሰቢያ አድርገው ያስቀምጡታል። ማርች 19 ቀን 1966 ምሽት የቴክሳስ ዌስተርን ልጆች ኬንታኪን አሸንፈው ወደ ቀለበቱ ሲጠጉ ግን መሰላል ያመጣላቸው ሰው አልነበረም ይባላል። ረጅሙ ኔቪል ሼድ አጭሩን ዊሊ ዎርስሊን ትከሻው ላይ አወጣውና መረቡ ተቆረጠ። ተረስቶ ነው ወይስ ሆን ተብሎ? እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ይህ የሆነው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ግቢ ውስጥ፣ ኮል ፊልድ ሃውስ በሚባለው አዳራሽ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ላንግሊ ፓርክ ወይም ሃያትስቪል የሚኖር አንባቢ ቦታውን ሳያውቀው አይቀርም። ልጁን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያወረደ ወይም በሩት 1 የትራፊክ መጨናነቅ የተማረረ ሁሉ ያን ሰፊ ቅስት ጣሪያ አይቶታል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ ያ የ1966 ምሽት በእኛ መጋቢት 10 ቀን 1958 ዓ.ም. ነበር።)

የአዳራሹን ታሪክ ስከታተል አንድ ነገር ይገርመኛል። ቤቱን የሠራው፣ ስሙን ያወጣለትና ትኬት የሸጠበት ሜሪላንድ ነው። አዳራሹን በታሪክ መዝገብ ያስገቡት ቀኖች ግን በአብዛኛው የእንግዶች ናቸው። ከቴክሳስ፣ ከኒውዮርክ፣ ከፔንሲልቬንያ፣ ከቤጂንግም ሳይቀር የመጡ እንግዶች። የባለቤቱ ብቻ የሆነው ትልቅ ቀን የለቅሶ ቀን ነበር። ዛሬ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርት ሕንፃ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር በሚያፈሱበት፣ ለተጫዋቾቻቸውም በቀጥታ መክፈል በጀመሩበት ጊዜ የዚህን ቤት ታሪክ መለስ ብሎ ማየቱ ሌላ ነገርም ይገልጥልናል።

የቀይ ጡቡ ሰውዬ

ኮል ፊልድ ሃውስ የተከፈተው በዲሴምበር 1955 ነው። 3.3 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ሲከፈት ከ12 ሺህ በላይ ሰው ይይዝ ነበር፤ በኋላ ወንበር እየተጨመረበት 14,500 ደርሷል። በዘመኑ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ከኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ቀጥሎ ትልቁ ይባል ነበር። ከዚያ በፊት ቡድኑ የሚጫወትበት በ1931 የተሠራው ሪቺ ኮሊሲየም ከእሱ ጋር ሲተያይ የሰፈር አዳራሽ ነው። ጣሪያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተወጠረ የብረት ቅስት ስለሆነ መሐል ላይ ምሰሶ የለውም፤ የትም ወንበር የተቀመጠ ሰው ሜዳውን ያለ ከልካይ ያያል። ስሙን ያገኘው የምክር ቤት አባልና ዳኛ ከነበሩት፣ የዩኒቨርሲቲውንም ቦርድ ከመሩት ከዊሊያም ኮል ነው።

ሕንፃው የተፀነሰው ግን ሃሪ በርድ በሚባሉት ፕሬዚዳንት ዘመን ነው። ሰዎች "ከርሊ" ይሏቸው ነበር። በወጣትነታቸው የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ የሚያዝበት ጨዋታ) አሰልጣኝ ነበሩ፤ ከ1936 እስከ 1954 ዩኒቨርሲቲውን መርተዋል። ግንባታ ይወዳሉ፤ የግቢው ቀይ ጡብ ብዙው የእሳቸው ዘመን ሥራ ነው። ጥቁር ተማሪ እንዳይገባ በመከላከልም እንዲሁ ታታሪ ነበሩ። ለጥቁሮች በስቴቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለውን ኮሌጅ ማስፋት ይሻላል እንጂ ኮሌጅ ፓርክን አንከፍትም ባይ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በሩን የከፈተው በፈቃዱ ሳይሆን በሙግት ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ዶናልድ መሪን እንዲቀበል በ1935 ፍርድ ቤት አዘዘው። ከጠበቆቹ አንዱ የባልቲሞሩ ልጅ፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ተርጉድ ማርሻል ነበሩ። በኮሌጅ ፓርክ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር የተመዘገበው የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሃይረም ዊትል እስኪገባ ድረስ ደግሞ 1951 ደርሷል።

አዳራሹ የተመረቀው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ከከለከለ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ያን ሁሉ ወንበር ሲደረድሩ ማን ይመጣበታል ብለው እንዳሰቡ መገመት አያስቸግርም።

የቴኒስ ራኬት ዘዴ

በጃንዋሪ 30 ቀን 1965 ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድኖች አዳራሹን እስከ አፉ ሞሉት። ባለሜዳ ሊባል የሚችለው በሃያትስቪል ያለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ዴማታ ነው። እንግዳው የኒውዮርኩ ፓወር መሞሪያል ሲሆን፣ 71 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነው የመጣው። መሐሉ ላይ ሊው አልሲንዶር የሚባል ከሰው ሁሉ የረዘመ ልጅ ነበረው፤ በኋላ ካሪም አብዱል ጃባር ተብሎ ዓለም ያወቀው ማለት ነው። የዴማታው አሰልጣኝ ሞርጋን ዉተን በልምምድ ላይ አንዱን ተጫዋቹን የቴኒስ ራኬት አስይዞ እጁን ወደ ላይ እንዲዘረጋ አደረገ፤ ሌሎቹ በራኬቱ ላይ አሳልፈው መወርወር እንዲለምዱ ነው። ዴማታ 46 ለ 43 አሸነፈ፤ አልሲንዶር 16 ነጥብ ብቻ አገባ። የሁለተኛ ደረጃ ቅርጫት ኳስ አገር አቀፍ ወሬ መሆን የጀመረበት ጨዋታ ይሉታል። ልብ ይበሉ፤ እዚህም ላይ ሜሪላንድ አዳራሽ አከራይ ነው።

አምስቱ

ከአንድ ዓመት በኋላ የአገሪቱ የኮሌጅ ፍጻሜ በዚሁ አዳራሽ ተካሄደ። በአንድ በኩል በአዶልፍ ራፕ የሚሰለጥነው፣ በደረጃ ሰንጠረዡ አንደኛ የነበረው ኬንታኪ አለ። ራፕ እስከዚያ ቀን አራት ዋንጫ የወሰደ አሰልጣኝ ነው፤ ተጫዋቾቹ በሙሉ ነጮች ናቸው፤ በኋላ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ትልቅ አሰልጣኝ የሆነው ፓት ራይሊ ከመካከላቸው ነበር። በሌላ በኩል ከሜክሲኮ ድንበር፣ ከኤል ፓሶ የመጣው ሦስተኛው ቴክሳስ ዌስተርን። አሰልጣኙ ዶን ሃስኪንስ የፍጻሜውን ጨዋታ በአምስት ጥቁር ተጫዋቾች ጀመረ፤ ቦቢ ጆ ሂል፣ ዴቪድ ላቲን፣ ኦርስተን አርቲስ፣ ዊሊ ዎርስሊና ሃሪ ፍሎርኖይ። በዚያ ምሽት ሜዳ የገቡለት ሰባቱም ጥቁሮች ነበሩ። በኮሌጅ ፍጻሜ ታይቶ አይታወቅም።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላቲን ራይሊ ላይ ኳሷን በቀለበቱ ውስጥ ደነቀራት። ቀጥሎ ሂል ከኬንታኪ ኳስ አቀባዮች እጅ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ነጥቆ ብቻውን ሮጦ አገባ። ጨዋታው 72 ለ 65 አለቀ። ሂል 20 ነጥብ፣ ራይሊና ሉዊ ዳምፒየር ለኬንታኪ 19፣ 19።

እዚህ ላይ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉትን አንድ ቁጥር ላቁም። ከሜዳ ላይ ብዙ ቅርጫት ያገባው ኬንታኪ ነው፤ 27 ለ 22 ይበልጣል። ቴክሳስ ዌስተርን ያሸነፈው በቅጣት ውርወራ ነው፤ ከ34ቱ 28ቱን አገባ። ኬንታኪ 13 ወርውሮ 11 አገባ። ይህ ምን ማለት ነው? በዘመኑ ስለ ጥቁር ተጫዋች የሚነገረው ተረት "ሯጭና ዘላይ ነው፤ ሥርዓትና ጨዋታ የማንበብ ችሎታ ግን የለውም" የሚል ነበር። ሜዳው ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ሮጦ የሚጫወተው ኬንታኪ ነበር። ሃስኪንስ በኦክላሆማ የመከላከል ሊቅ ከነበረው ከሄንሪ አይባ የተማረ ሰው ስለሆነ ቡድኑ ዝግ ብሎ፣ ኳስ ይዞ፣ ተከላክሎ፣ ተቃዋሚውን ጥፋት ውስጥ አስገብቶ ነው ያሸነፈው። ተረቱን ያፈረሰው የአምስቱ ቀለም ብቻ ሳይሆን የጨዋታቸው ጠባይ ጭምር ነው።

ሃስኪንስ ራሱ ታሪክ ልሥራ ብዬ አይደለም፤ ጎበዝ የምላቸውን አሰለፍኩ እንጂ ይል ነበር። ከድሉ በኋላ የጥላቻ ደብዳቤ በጆንያ ደረሰው።

"ይህ ጨዋታ ደቡብን በአንድ ሌሊት ቀየረ" የሚለውን አባባል ግን አልቀበልም። ሎዮላ ቺካጎ ከሦስት ዓመት በፊት በአራት ጥቁር ቋሚ ተሰላፊዎች ዋንጫ ወስዶ ነበር። ኬንታኪ ራሱ ጥቁር ተጫዋች ሜዳ ያስገባው በ1970 መጨረሻ ነው። በደቡብ ምሥራቁ ማኅበር፣ ማለትም ኬንታኪ በሚወዳደርበት ሊግ፣ መሰናክሉን የሰበረው የቫንደርቢልቱ ፔሪ ዋላስም በዋናው ቡድን የታየው በ1967 ሲሆን፣ በየከተማው የደረሰበትን ስድብና ምራቅ ብቻውን ነው የተሸከመው።

ደግሞም ያን ምሽት ካሜራዎቹ ያላዩት ሌላ ታሪክ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረ። በዚያው የውድድር ዘመን፣ በዚያው ወለል ላይ፣ ቢሊ ጆንስ የሚባል የባልቲሞር አካባቢ ልጅ ለሜሪላንድ ይጫወት ነበር። በአትላንቲክ ዳርቻ ማኅበር፣ ማለትም ሜሪላንድ ከካሮላይናዎቹና ከቨርጂኒያ ጋር በሚወዳደርበት ሊግ፣ የመጀመሪያው ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እሱ ነው። ወደ ደቡብ ሲጓዝ ምን እንደሚጠብቀው ዳሪል ሂል ቀድሞ ያውቀው ነበር። ሂል በ1963 በዚሁ ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር የፉትቦል ተጫዋች ሆኖ ለሜሪላንድ ተሰልፏል። ሳውዝ ካሮላይና ክሌምሰን ላይ ሊያየው የመጣችውን እናቱን በረኞቹ ስታዲየም አናስገባም አሏት፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሰምተው ወደ ራሳቸው መቀመጫ ወሰዷት። የጆንስና የሂል ታሪክ ፍጻሜ ጨዋታ የለውም፤ ዋንጫም የለውም። ቤቱ የራሱን ልጆች ለማስታወስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ከቤጂንግና ከገዳም

በ1970 ፍጻሜው እንደገና ወደ ኮሌጅ ፓርክ መጣ፤ በዘመኑ ዋንጫውን የተቆጣጠረው የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ጃክሰንቪልን 80 ለ 69 ረታ። ሜሪላንድ በዚያ አዳራሽ ባሳለፋቸው ዓመታት ሁሉ እንግዶች ሁለት ጊዜ ዋንጫ ሲያነሱበት ተመልክቷል፤ የራሱን ግን እዚያ አላነሳም።

በ1972 የጸደይ ወራት ደግሞ ሜዳው ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ነገሩ የጀመረው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጃፓን ውስጥ ነው። ናጎያ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊው ግሌን ኮዋን የቻይናውያኑ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ፤ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ዙዋንግ ዜዶንግ ከኋላ ተነስቶ የሐር ጨርቅ ሸለመው። አሜሪካውያኑ ቤጂንግ ተጋበዙ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌብሩዋሪ 1972 ቻይና ሄዱ፤ በኤፕሪል በዙዋንግ የሚመራው የቻይና ቡድን ብድሩን ሊመልስ አሜሪካ መጣ። በጉብኝቱ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ ኮል ፊልድ ሃውስ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ልጅ ትሪሻ ኒክሰን መጥታ ተመልክታለች። ከሃያ ዓመት በላይ ሳይነጋገሩ የኖሩ ሁለት መንግሥታት በ2.5 ግራም ኳስ ሲላላኩ ታዳሚው ያጨበጭብ ነበር።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1975 የመጡት እንግዶች ደግሞ ከፔንሲልቬንያ ነበሩ። ኢማኩላታ በመነኮሳት የሚመራ ትንሽ የሴቶች የካቶሊክ ኮሌጅ ነው፤ ቡድኑ ግን ከ1972 እስከ 1974 ሦስት ዓመት በተከታታይ የሴቶች ሻምፒዮን ሆኗል። መነኮሳቷ ደጋፊዎች ከወንበር ላይ የብረት ባልዲ በመደብደብ ይታወቁ ነበር። በዚያ ቀን ሜሪላንድን 80 ለ 48 ደቆሱት። ውጤቱን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቀኑን ታሪክ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ በመላ አሜሪካ በቴሌቪዥን የተላለፈ የመጀመሪያው የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ይኸው ነበር። በፌዴራል ገንዘብ በሚደገፍ ትምህርት ቤት ፆታ ለይቶ ማግለልን የከለከለው ሕግ ከጸደቀ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ዛሬ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ፍጻሜን ሚሊዮኖች ሲመለከቱ የመጀመሪያው ካሜራ የተተከለው እዚህ መሆኑን የሚያነሳ ብዙም አልሰማም።

(በሴፕቴምበር 1974 ኤልቪስ ፕሪስሊም ሁለት ምሽት ዘፍኖበታል። አዳራሽ ነው፤ ሁሉን ያስተናግዳል።)

የቤቱ ልጅ

በ1969 ሌፍቲ ድሪዜል የሚባል ረጅም፣ ራሰ በራ፣ ቀልደኛ አሰልጣኝ መጣና ሜሪላንድን "የምሥራቁ ዩሲኤልኤ" አደርጋለሁ አለ። አላደረገውም፤ በኮሌጅ ፓርክ 17 ዓመት ቆይቶ አንድም ጊዜ ለመጨረሻዎቹ አራት አልደረሰም። አዳራሹን ግን ሞላው። በ1971 ልምምድ የሚፈቀድበት ቀን ሲብት፣ ልክ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተጫዋቾቹን ስታዲየም አውጥቶ በመኪና መብራት አንድ ማይል አስሮጣቸው። ከዚያ ወዲህ በመላ አገሪቱ የውድድር ዘመኑ በሌሊት ድግስ መክፈት ባህል ሆኗል።

ከድሪዜል ልጆች ሁሉ የላቀው ሌን ባያስ ነው። ከአዳራሹ ብዙም በማይርቀው ላንዶቨር አደገ፤ ሃያትስቪል ተማረ፤ እዚያው ተጫወተ። በ1985 እና በ1986 የማኅበሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ማይክል ጆርዳንን ያየ ሰው ባያስን ሲያይ ያወዳድር ነበር። ጁን 17 ቀን 1986 ቦስተን ሴልቲክስ ከመላው አገር ሁለተኛ አድርጎ መረጠው። ጁን 19 ጠዋት በ22 ዓመቱ ሞተ፤ ኮኬይን ወስዶ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ 11 ሺህ ሰው ኮል ፊልድ ሃውስ ተሰበሰበ። ጄሲ ጃክሰን ተናገሩ፤ የሴልቲክሱ ሬድ አወርባክም ተናገረ። ከሦስት ወር በፊት ለልጁ ሲጮህበት በነበረው ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ አለቀሰ።

ይህ ለቅሶ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ካፒቶል ሂል ሄደ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒል የቦስተን አካባቢ ተወካይ ነበሩ፤ መራጮቻቸው የሴልቲክስ ደጋፊዎች ናቸው፤ የምክር ቤት ምርጫም ቀርቧል። የአደንዛዥ ዕፅ ሕጉ ያለ ወጉ የባለሙያ ምስክርነት በጥድፊያ ተረቀቀና በኦክቶበር 27 ተፈረመ። በሕጉ መሠረት 5 ግራም ክራክ፣ ማለትም የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት፣ የሸጠ ወይም ለመሸጥ የያዘ ቢያንስ አምስት ዓመት ይታሰር ነበር፤ በዱቄት ኮኬይን ያን ያህል ለመታሰር ግን 500 ግራም ያስፈልግ ነበር። አንድ ለመቶ ማለት ነው። ክራክ የሚሸጠው በድሃ ጥቁር ሰፈሮች ነበርና እስር ቤቱን የሞሉት የእነዚያ ሰፈሮች ወጣቶች ሆኑ። ብዙ ሰው ባያስን ክራክ ገደለው ብሎ ያምን ነበር። የወሰደው ዱቄቱን ነው። ስሙ ለማይመለከተው ሕግ ማገዶ ሆነ ማለት ይቻላል። ኮንግረስ ልዩነቱን ወደ አንድ ለአሥራ ስምንት ያወረደው በ2010 ነው፤ ከ24 ዓመት በኋላ።

ድሪዜል በዚያው ዓመት መኸር ሥራውን ለቀቀ። የሟቹ እናት ወይዘሮ ሎኒስ ባያስ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ለወጣቶች መናገር ጀመሩ፤ ለአሥርት ዓመታትም ተናገሩ። እንግዶቹ ያመጡለትን ታሪክ ቤቱ በኩራት ይተርካል። ይህን ግን ለረጅም ጊዜ በሹክሹክታ ነበር የሚያነሳው።

ስም በኪራይ

ማርች 3 ቀን 2002 ሜሪላንድ ቨርጂኒያን 112 ለ 92 አሸንፎ ከኮል ተሰናበተ። አሰልጣኙ ጌሪ ዊሊያምስ በወጣትነቱ ከቢሊ ጆንስ ጋር በዚያው ወለል ላይ የተጫወተ ሰው ነው። ከአንድ ወር በኋላ አትላንታ ላይ ኢንዲያናን 64 ለ 52 ረትተው የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ዋንጫ አነሱ። ያቺን ዋንጫ ያፈራው አሮጌው ቤት ነው፤ ሰንደቋ የተሰቀለችው ግን አዲሱ ውስጥ ነው።

አዲሱ አዳራሽ 125 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 17,950 ሰው ይይዛል። ስሙ የዳኛም የአሰልጣኝም አይደለም። የኬብል ኩባንያው ኮምካስት በ20 ሚሊዮን ዶላር ለ25 ዓመት ተከራየው። በ2014 ኩባንያው የአገልግሎቱን ስም ለማስተዋወቅ ሲፈልግ አዳራሹ ኤክስፊኒቲ ሴንተር ሆነ። የኮል ጎረቤት የሆነው ስታዲየም ለአሥርት ዓመታት የእኚያ ቀይ ጡብ ወዳድ ፕሬዚዳንት ስም ነበረው። በ2015 መጨረሻ ተማሪዎች ስለ ዘር መድልዎ ታሪካቸው ጠይቀው በርድ የሚለው ስም ወረደ፤ ሜሪላንድ ስታዲየም ተባለ። በ2022 የብድርና ቁጠባ ተቋም ስም ተለጠፈበት። ስሙን ከግድግዳ ለማውረድ ክርክር፣ ኮሚቴና የቦርድ ድምፅ አስፈለገ፤ ለመለጠፍ ግን አንድ ውል በቃ።

ኮል ከአሥር ዓመት በላይ ምን እንደሚደረግ ሳይታወቅ ቆመ። በመሐሉ የገንዘብ ችግር መጣ። በ2012 ዩኒቨርሲቲው ሰባት የስፖርት ቡድኖቹን ዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ስልሳ ዓመት የኖረበትን ማኅበር ትቶ ብዙ የቴሌቪዥን ገንዘብ ወዳለው ቢግ ቴን ለመግባት ወሰነ፤ በ2014 ገባ። ለመውጫ 31.4 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። በአዲሱ ማኅበር ንጉሡ ፉትቦል ነው። ስለዚህ የቅርጫት ኳሱ ቤት ለፉትቦል ተሰጠ። የስፖርት ልብስ ድርጅቱ የአንደር አርመር መሥራችና የቀድሞ የሜሪላንድ ተጫዋች ኬቨን ፕላንክ 25 ሚሊዮን ሰጠ፤ በ155 ሚሊዮን የታሰበው ዕድሳት ወደ 196 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። በ1955 ያወጡት ገንዘብ ከዚህ ጋር ሲተያይ የቡና መጠጫ ነው፤ የገንዘቡን መርከስ ብናስብም እንኳ።

ለምን ይህን ያህል? የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ለረጅም ዘመን ተጫዋቹ እንዳይከፈለው ከልክሎ ኖሯል። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ግን ገባ። ለልጆቹ መስጠት ክልክል ከሆነ የት ይሂድ? ወደ አሰልጣኝ ደመወዝና ወደ ኮንክሪት ሄደ። ጎበዙን የ17 ዓመት ልጅ ለማማለል የሚፈቀደው መንገድ ቤት ማሳየት ነበር፤ የሚያብረቀርቅ መልበሻ ክፍል፣ ጣሪያ ያለው ሙሉ ሜዳ፣ የራሱ ወጥ ቤት። አንዱ ጋራ የሚያክል ሲሠራ ሌላው ከእሱ የሚበልጥ ይሠራል። እነዚህን ሕንፃዎች እንደ ተደበቀ ደመወዝ የማየው ለዚህ ነው፤ ተጫዋቹ ግን ደመወዙን ይዞ መሄድ አይችልም።

የሕንፃው የፉትቦል ክፍል በ2017 ሥራ ጀመረ። ቀሪው የስፖርት ሕክምናና የሰው ብቃት ምርምር ማዕከል ይሆናል ተብሎ እየተገነባ ሳለ፣ በሜይ 29 ቀን 2018 ጆርዳን መክኔር የሚባል የ19 ዓመት ተጫዋች ውጭ ሜዳ ላይ በልምምድ ወደቀ። የሙቀት ሕመም ነበር። ሰውነቱን በፍጥነት ለማቀዝቀዝ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር የታወቀ መፍትሔ ነው፤ አልተደረገለትም። ጁን 13 አረፈ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዋላስ ሎ ዩኒቨርሲቲው ሕጋዊና ሞራላዊ ኃላፊነት እንደሚወስድ በአደባባይ ተናገሩ። የመቶ ሚሊዮኖች ሕንፃ ከጎኑ እየቆመ፣ የጎደለው አንድ ገንዳ ውኃና ቶሎ የሚወስን ሰው ነበር።

የሜሪላንድ ስቴት በ2021 በመክኔር ስም ሕግ አወጣ። ሕጉ በአንድ በኩል የተጫዋቾች ጤና ጥበቃን ያስገድዳል፤ በሌላ በኩል ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ሁለቱ በአንድ ሕግ መምጣታቸው የአጋጣሚ አይመስለኝም፤ የልጁ አካል የማን ነው የሚለው ጥያቄ አንድ ነው። በጁን 2025 ደግሞ የፌዴራል ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። አሁን ገንዘቡ ወደ ልጁ ኪስ የሚገባበት በር ስላለ፣ ኮንክሪቱ እንደ ድሮው ማማለያ ሆኖ ይቀጥላል ወይ የሚለው ጥያቄ በየዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። ለሕንፃ የተበደረ ብድሩን መክፈሉን አያቆምም፤ ለተጫዋች የሚከፈለው ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። የሚታጠፈው የዋና፣ የትግል ወይም የቴኒስ ቡድን እንዳይሆን የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ ሜሪላንድ በ2012 ያንን አይቶታል።

ዕድሳቱ ሲያልቅ ሕንፃው አዲስ ስም ተሰጠው። ዛሬ ጆንስ ሂል ሃውስ ይባላል፤ በቢሊ ጆንስና በዳሪል ሂል። እናቱ በር ላይ የተከለከለችው ልጅ ስም በር ላይ ተጻፈ። ቅስቱ ጣሪያ ያው የ1955ቱ ነው። ከሥሩ፣ አልሲንዶር 16 ነጥብ ባገባበትና ሼድ ዎርስሊን ትከሻው ላይ ባወጣበት ቦታ፣ የፉትቦል ሰው ሠራሽ ሣር ተዘርግቷል። ጆንስ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር።